አሮጌውን ኦፊስ ሳያጠፉ አዲሱን መጫን

ጥያቄ፦ «በአንድ አነስተኛ ድርጅት ውስጥ ጸሐፊም የሒሳብ ሠራተኛም ሆኜ እሠራለሁ። ኮምፒውተሬ ዊንዶውስ 11 ነው፣ ራሙ 8 ጊጋ ነው፣ ኦፊስ 2010 ተጭኖበታል። ሥራ አስኪያጃችን ኦፊስ 2021 ገዝተው ሰጡኝና ልጭነው ስል ‹ባለ 32 ቢት ኦፊስ ስላለ ባለ 64 ቢቱን መጫን አይቻልም› የሚል መልእክት አወጣ። ኮምፒውተር የሚሠራልን ልጅ ‹2010ን አጥፊው፣ ካልሆነም አዲሱን ዲ ድራይቭ ላይ ጫኚው› አለኝ። ማጥፋቱን ፈራሁ። በድሮ የግዕዝ ፎንት የተጻፉ የብዙ ዓመት ደብዳቤዎች፣ ማክሮ ያለው የደመወዝ ፔሮል፣ እንዲሁም ከሥራ የለቀቀ ባልደረባችን በአክሰስ የሠራው የመጋዘን ዳታቤዝ አሉኝ። ሁሉም የሚከፈቱት በ2010 ነው። ሁለቱን ኦፊስ አብሬ ማኖር እችላለሁ? በ2021 ፈንታ ማይክሮሶፍት 365 ብንገዛስ?»

ምላሽ፦ ይችላሉ። ኦፊስ 2010 እና ኦፊስ 2021 በአንድ ዊንዶውስ ላይ አብረው መቀመጥ ይችላሉ፤ እርስዎን ያገደዎት የቢት (ፕሮግራሙ መረጃን የሚይዝበት ስፋት፣ 32 ወይም 64) ጉዳይ ነው፣ እመለስበታለሁ። በቅድሚያ ግን «ሁሉም የሚከፈቱት በ2010 ነው» ያሉትን እናጥራው። ሦስቱ ሥራዎች 2010ን የያዙበት ምክንያት የተለያየ ነው። ደብዳቤዎቹ የሚፈልጉት ፎንት ነው። ፔሮሉ የሚፈልገው፣ እንደምገምተው፣ ባለ 32 ቢት ኤክሴል ነው፤ ዓመቱ 2010 ይሁን 2021 ግድ የለውም። አሮጌ ፕሮግራም የግድ ሊል የሚችለው የመጋዘኑ ዳታቤዝ ብቻ ነው፣ እሱም በየትኛው ዘመን አክሰስ እንደተሠራ ታይቶ ነው። ስለዚህ ሁለት ሙሉ ኦፊስ ጎን ለጎን ከመደርደር በፊት ከአሮጌው ውስጥ የትኛው ቁራጭ እንደሚያስፈልግ መለየት ይቀድማል።

«ዲ ድራይቭ ላይ ጫኚው» የሚለው ምክር በየጥገና ቤቱ ይሰማል፣ ግን አይጠቅምም። ኦፊስ ሲጫን ፋይሎቹ የሚቀመጡበት ቦታ ከነገሩ ትንሹ ነው። ዋናው የሚጻፈው ሬጅስትሪ በሚባለው የዊንዶውስ መዝገብ ላይ ነው። የወርድ ፋይል ደብል ክሊክ ሲደረግ ማን ይክፈተው፣ ሌላ ፕሮግራም ኤክሴልን ሲጠራ የትኛው ኤክሴል አቤት ይበል፣ ሁሉም የሚመዘገበው እዚያ ነው። ይህ መዝገብ ለአንድ ዊንዶውስ አንድ ነው፤ አንዱን ኦፊስ ሲ ላይ፣ ሌላውን ዲ ላይ ቢያደርጉም የሚጋፉት እዚያው ላይ ነው። ሁለተኛ ዩዘር መክፈትም አይለያቸውም። ደግሞም እንደ 2021 ያሉት አዳዲሶቹ ኦፊሶች በተለመደው መንገድ ሲጫኑ ድራይቭ አያስመርጡም፤ ዊንዶውሱ ያለበት ላይ ይቀመጣሉ።

የትኛው ከየትኛው ጋር ይስማማል ለሚለው፣ ሽፋኑ ላይ ያለውን ዓመት ትተው የውስጥ ቁጥሩን ይመልከቱ። 2003 ውስጡ 11 ነው፣ 2007 ደግሞ 12፣ 2010 14 (13 ተዘሏል)፣ 2013 15፣ 2016 16። ከዚያ ቁጥሩ ቆመ። 2019ም፣ 2021ም፣ 2024ም፣ 365ም ሁሉም 16 ናቸው፤ የሚቀመጡበት ፎልደርም መዝገባቸውም አንድ ዓይነት ነው። ስለዚህ 14 የሆነው 2010 ከ16ቱ ከ2021 ጋር ቦታ አይሻማም። 2019 ከ2021 ጋር ወይም 2021 ከ365 ጋር ግን በአብዛኛው አብረው አይቀመጡም። ለትልልቅ መሥሪያ ቤቶች በጅምላ ፈቃድ የሚሸጡት ላይ ጥቂት የተለዩ ሁኔታዎች ቢኖሩም እናንተን አይመለከትም። ብዙ ሰው የሚጠብቀው ተቃራኒውን ነው፤ በዕድሜ የተቀራረቡት ይስማማሉ፣ የተራራቁት ይጣላሉ ብሎ ያስባል።

365ን በተመለከተ፣ ከ2010 ጋር አብሮ ለመኖር ከ2021 የተለየ ጥቅም የለውም። ክፍያው በየወሩ ወይም በየዓመቱ ነው፤ ፈቃዱን ለማረጋገጥም በየጊዜው ኢንተርኔት ማግኘት አለበት። የሚበልጠው ሁልጊዜ ስለሚታደስ ነው። የ2021 የድጋፍ ማብቂያ ቀን እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 13 ቀን 2026 መሆኑን ሥራ አስኪያጅዎ እንዲያውቁት ያድርጉ። አሁን ግን 2021ን ገዝታችኋል፤ በእሱ ይቀጥሉ።

ወደ ቢቱ ልምጣ። ባለ 32 እና ባለ 64 ቢት ኦፊስ በአንድ ዊንዶውስ ላይ አይቀላቀሉም። 2010 ባለ 64 ቢት ለመጀመሪያ ጊዜ የወጣበት ኦፊስ ቢሆንም በዚያን ዘመን ሰው ሁሉ የሚጭነው 32ቱን ነበር። ከ2019 ወዲህ ያሉት ደግሞ ካልተመረጠ በቀር 64ቱን ይጭናሉ። ስለዚህ የገጠመዎት መልእክት አሮጌ ኦፊስ ያለው ሰው ሁሉ የሚገጥመው ነው። መፍትሔው ቀላል ነው፤ 2021ን በ32 ቢት ይጫኑት። የገዛችሁት ፈቃድ ለሁለቱም ይሠራል፣ ሌላ ቁልፍ አይጠየቅም። ምርቱ በተመዘገበበት የማይክሮሶፍት አካውንት ገብተው ከ«ኢንስቶል» አጠገብ «አዘር ኦፕሽንስ» የሚለውን ሲከፍቱ ባለ 32 ቢቱን የሚመርጡበት ቦታ ያገኛሉ። ዊንዶውስዎ ባለ 64 ቢት መሆኑ ምንም አያግድም። የሚያጡት ነገር ካለ፣ ባለ 32 ቢት ኤክሴል ሊጠቀምበት የሚችለው ሜሞሪ ውስን መሆኑ ነው። ይህ የሚሰማው በመቶ ሺዎች ረድፍ ባለው ከባድ ሠንጠረዥ ላይ ለሚሠራ ነው፤ የአንድ አነስተኛ ድርጅት ፔሮል እዚያ አይደርስም።

አሁን ስለ ደብዳቤዎቹ። እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ መጻፍ እፈልጋለሁ፤ በዚህ ስህተት የተነሳ ስንት መሥሪያ ቤት የራሱን ደብዳቤ ማንበብ እንዳቃተው በዓይኔ አይቻለሁ። የእኛ ፊደል ዩኒኮድ (ለዓለም ፊደላት ሁሉ የየራሳቸውን ቁጥር የሚሰጠው የጋራ መለያ) ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት፣ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት፣ በአማርኛ የምንጽፍባቸው ፕሮግራሞች አንድ ዘዴ ይጠቀሙ ነበር፤ የግዕዙን ፊደል ቅርጽ በላቲኑ ፊደል ወንበር ላይ ያስቀምጡታል። ፋይሉ ውስጥ የተመዘገበው የላቲን ፊደል ወይም ምልክት ነው፤ ዓይንዎ «ሰ» የሚያየው ፎንቱ በዚያ ቦታ «ሰ» ስለሚስል ብቻ ነው። ፎንቱ የሌለበት ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት ኦፊሱ 2003 ይሁን 2024 የሚታየው የተዘባረቀ ላቲን ነው። ፎንቱ ካለ ደግሞ 2021ም እንደ 2010 ያነበዋል።

አንድ መሥሪያ ቤት ጠርተውኝ ሄጄ አንድ ያረጀ ኮምፒውተር «ደብዳቤ ማንበቢያ» ተብሎ ጥግ ላይ ተቀምጦ አገኘሁ። ኦፊስ 2003 አለው። አዲሶቹ ማሽኖች ላይ ደብዳቤው አይከፈትም ይላሉ። አዲሱ ማሽን ላይ አንዱን ደብዳቤ ከፈትኩት። ከላይ በቀኝ በኩል «ቁጥር» እና «ቀን» መሆን የነበረበት ቦታ ላይ የአራት ነጥብ፣ የቅንፍና የላቲን ፊደል ድብልቅ ተደርድሯል። ጠቋሚውን እዚያ ላይ አኑሬ የፎንት ስም የሚታይበትን ሳጥን ሳየው ኮምፒውተሩ ላይ የሌለውን የፎንቱን ስም ጽፎ ይዞታል። ወርድ ፎንቱን ባያገኘውም ስሙን አይረሳም። ከአሮጌው ማሽን የፎንቶች ፎልደር ውስጥ ያንን ፎንት በፍላሽ አምጥቼ ጫንኩትና ወርድን ዘግቼ መልሼ ከፈትኩት። «ቁጥር» ተነበበ። ግን በየመስመሩ አንድ ሁለት ፊደል አሁንም ተዘባርቆ ቀረ። ምክንያቱም ያን ጊዜ አንድ ፎንት ሊይዘው የሚችለው ቦታ ለፊደላችን ስለማይበቃ አዘጋጆቹ ፊደሉን በሁለትና በሦስት የፎንት ፋይል ከፋፍለውት ነበር፤ እኔ ያመጣሁት የመጀመሪያውን ብቻ ነበር። የቀሩትን ሳመጣ ደብዳቤው ሙሉ ሆነ። ለዓመታት ጥግ ላይ የተቀመጠው ኮምፒውተር የያዘው ምስጢር እነዚያ ጥቂት የፎንት ፋይሎች ነበሩ።

ስለዚህ 2010ን ከመንካትዎ በፊት የግዕዝ ፎንቶቹን ሁሉ፣ ስማቸው የሚመሳሰሉትን አንድም ሳያስቀሩ፣ ወደ ውጭ ሐርድ ዲስክ ይቅዱ። ለሕግ ወይም ለኦዲት የሚፈለጉትን ደብዳቤዎች አሁኑኑ ከ2010 ላይ በፒዲኤፍ ያስቀምጡ፤ ፒዲኤፉ ፎንቱን በውስጡ ይዞ ስለሚሄድ የትም ይነበባል። ሌላ ቦታ ከፍተው ማረጋገጥ ግን አይርሱ። ከዚያ ሁለት ጥንቃቄ። አንደኛ፣ ጽሑፉን መርጠው ፎንቱን ወደ ኒያላ ወይም ወደ ኤብሪማ ቢቀይሩት አማርኛ አይሆንም፤ ፋይሉ ውስጥ ያለው ላቲን ስለሆነ ላቲኑ ገሃድ ይወጣል። ወደ ዩኒኮድ ለመቀየር ለዚያ የተሠራ መቀየሪያ ያስፈልጋል፤ ከቀየሩም በኋላ የሰው ስሞችን፣ የግዕዝ ቁጥሮችን፣ እንደ ሏ እና ሟ ያሉትን ፊደላት አንድ በአንድ ያመሳክሩ። ሁለተኛ፣ እነዚህን ደብዳቤዎች በአዲሱ ወርድ ማረም ካለብዎ ኦቶኮሬክትን ያጥፉ። ወርድ የሚያየው ላቲን ስለሆነ የዓረፍተ ነገሩን መጀመሪያ ትልቅ ፊደል ያደርገዋል፤ በዚህ ዓይነት ፎንት ትልቁና ትንሹ የላቲን ፊደል ሁለት የተለያዩ የግዕዝ ፊደላት ናቸው። ሳያውቁት ስም ይቀየራል።

ፔሮሉ በ2021 ሲከፈት «አልሠራም» ቢል ምክንያቱ ከሁለት አንዱ ሊሆን ይችላል። የመጀመሪያው ከላይ የሚዘረጋው ቀይ ማስጠንቀቂያ ነው። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. ከ2022 ወዲህ ከኢንተርኔት ወይም ከኢሜይል የመጡ ፋይሎች ላይ ማክሮ (ፋይሉ ውስጥ ተጽፎ ሥራን በራሱ የሚያከናውን ትእዛዝ) እንዳይሠራ ማገድ ጀምሯል። ይህ ከቨርዥን አለመስማማት ጋር አይገናኝም። ፋይሉ የራሳችሁ መሆኑን ካረጋገጡ፣ ዘግተው ራይት ክሊክ፣ ፕሮፐርቲስ፣ ከታች «አንብሎክ» የሚለውን ምልክት ማድረግ ይበቃል። ከማያውቁት ሰው ለመጣ ፋይል ግን ይህን ፈጽሞ አያድርጉ። ሁለተኛው ምክንያት የቢቱ ነው። ማክሮው ከዊንዶውስ ጋር በቀጥታ የሚነጋገር መስመር ካለው ባለ 64 ቢት ኤክሴል ኮዱ ለ64 ቢት መስተካከል እንዳለበት ተናግሮ ይቆማል። ኮድ የሚያውቅ ሰው በየመስመሩ ተገቢውን ቃል ጨምሮ ያስተካክለዋል፤ ባለ 32 ቢቱን 2021 ከጫኑ ግን ይህ ከነአካቴው አይነሳም። ባለ 32 ቢቱን አጥብቄ የምመክረው ለዚህም ጭምር ነው። ፋይሉን በአዲሱ ዓይነት ሲያስቀምጡ ደግሞ ማክሮ የሚይዘውን፣ ስሙ በ«ኤክስኤልኤስኤም» የሚያልቀውን ይምረጡ። ተራውን «ኤክስኤልኤስኤክስ» ከመረጡ ሠንጠረዡ ይተርፋል፣ ማክሮው ይጠፋል።

ዳታቤዙ ላይ ሁለት ነገር ይመልከቱ። አንደኛው የገዛችሁት 2021 አክሰስ አለው ወይ የሚለው ነው። «ሆም ኤንድ ቢዝነስ» የሚባለው ወርድ፣ ኤክሴል፣ ፓወርፖይንት እና አውትሉክ ይዞ አክሰስ የለውም፤ አክሰስ ያለው «ፕሮፌሽናል» የሚባለው ነው። ከሌለው ክርክሩ አለቀ፤ ለዚያ ዳታቤዝ የ2010 አክሰስ ይቆያል። ሁለተኛው የፋይሉ ዕድሜ ነው። በአክሰስ 2000 ወይም 2003 ዘመን የተሠራ «ኤምዲቢ» ፋይል በአዳዲሶቹም ይከፈታል። በአክሰስ 97 የተሠራ ግን ከ2013 ጀምሮ ያሉት ጭራሹን አይከፍቱትም። አክሰስ 2010 ይህን የድሮ ፋይል ተቀብሎ ወደ አዲሱ ዓይነት መለወጥ የሚችል የመጨረሻው ነው። ስለዚህ 2010 ከእጅዎ ሳይወጣ በቅጂው ላይ ለውጡን ያድርጉ፤ ዋናውን አይንኩ። የፋይሉ ስም መጨረሻ «ኤምዲኢ» ወይም «ኤሲሲዲኢ» ከሆነ ኮዱ ተቆልፏል ማለት ነውና ባልደረባችሁ ያልተቆለፈውን ዋና ፋይል የት እንዳስቀመጡት ስልክ ደውለው ይጠይቁ። ሰው ከሥራ ሲለቅ ቁልፍና ማኅተም እናስረክባለን፣ ይህን ግን ማንም አያስታውስም።

አብሮ የማኖሩ ሥራ ራሱ ይህን ይመስላል። ሰነዶቹን፣ ፎንቶቹን፣ የአውትሉክ ፖስታ ካለዎት የእሱንም ፋይል በውጭ ዲስክ ላይ ይቅዱ። አሮጌው ቀድሞ አዲሱ ተከትሎ መጫን አለበት፤ እርስዎ 2010ን አስቀድመው ስለያዙ ቅደም ተከተሉ ትክክል ነው። (አዲሱን ቀድሞ የጫነ ሰው አዲሱን አንሥቶ፣ አሮጌውን ጭኖ፣ አዲሱን መመለስ አለበት።) ከዚያ በኮንትሮል ፓነል የፕሮግራሞች ዝርዝር ውስጥ ኦፊስ 2010ን መርጠው «ቼንጅ» ሲሉ አንዳንዱን ክፍል መቀነስ የሚያስችለው ገጽ ይመጣል። አውትሉክን እዚያ ላይ ያስወግዱት። ሁለት አውትሉክ በአንድ ዊንዶውስ ላይ አይኖርም፤ በዚህ ድርድር የለም። ወርድንና ፓወርፖይንትንም ያንሱ፤ ኤክሴልንና አክሰስን ብቻ ይተዉ። ከዚያ ባለ 32 ቢቱን 2021 ይጫኑ። በመሃል የሚወገዱ ፕሮግራሞችን የሚዘረዝር መልእክት ከመጣ «ቀጥል» ከማለት በፊት እያንዳንዱን መስመር ያንብቡ፤ አክሰስ 2010 ወይም ኤክሴል 2010 እዚያ ውስጥ ካለ ያቁሙት።

ከተጫነ በኋላ የሚያስደነግጡ ጥቂት ነገሮች ይኖራሉ። የኤክሴል ፋይል ደብል ክሊክ ሲያደርጉ የሚከፍተው በመጨረሻ የተመዘገበው ኤክሴል ነው። አሮጌውን ሲፈልጉ በደብል ክሊክ አይመኩ፤ ከፕሮግራሙ ፎልደር፣ «ኦፊስ14» ከሚለው ውስጥ፣ ሾርትከት አውጥተው ስሙን «ኤክሴል 2010 ለፔሮል» ብለው ዴስክቶፕ ላይ ያኑሩ፤ ፋይሉን ከውስጥ ይክፈቱ። አክሰስ 2010ን ከአዲሱ በኋላ ሲከፍቱ «ዊንዶውስ ኦፊስን እያዋቀረ ነው» የሚል ሳጥን እየመጣ ደቂቃዎች ሊወስድ ይችላል። ቫይረስ አይደለም፤ አሮጌው ስሙን እንደገና መዝገቡ ላይ እያስገባ ነው። አያቋርጡት።

ዋናው ጥንቃቄ አንዱን ፋይል በሁለቱም አለማረም ነው። በኤክሴል 2021 ላይ እንደ «ኤክስሉክአፕ» ያለ አዲስ ቀመር ጽፈው ያስቀመጡትን በ2010 ሲከፍቱት በመጀመሪያ ደህና ይመስላል፤ የድሮው ውጤት ይታያል። ሴሉ እንደገና ሲሰላ ግን ስሙን አላውቀውም የሚል ስህተት ይተካዋል። ፔሮል ላይ ይህ የሰው ደመወዝ ነው። ዳታቤዙም እንዲሁ ነው፤ ከኤክሴል ጋር የተገናኘ ኮድ ካለው አዲሱ አክሰስ ሲከፍተው ግንኙነቱን ወደ 16 ከፍ ያደርገዋል፣ ወደ 14 ሲመለስ ግን ራሱ ዝቅ አያደርገውም፣ «ጠፍቷል» ይልና ይቆማል። ለእያንዳንዱ ፋይል አንድ ባለቤት ቨርዥን ይምረጡ፤ በፎልደሩ ስም ላይም ይጻፉት። ወርድን ከ2010 ላይ ያስነሣሁበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው። ከ2007 ወዲህ ያሉት ወርዶች ሁሉ ለአንድ ተጠቃሚ አንድ የጋራ መነሻ ቴምፕሌት ስለሚጠቀሙ በአንዱ ያደረጉት ለውጥ ሌላው ላይ ብቅ ይላል።

ዳታቤዙ የግድ ባለ አሮጌ ዊንዶውስ ካልሆነ አልሠራም ካለ፣ ወይም አንድ ቀን ባለ 64 ቢት ኦፊስ ካስፈለጋችሁ፣ ንጹሑ መንገድ ቨርቹዋል ማሽን ነው። በኮምፒውተሩ ውስጥ ሌላ ሙሉ ዊንዶውስ እንደ አንድ ፕሮግራም ይከፈታል፤ የራሱ ሬጅስትሪ ስላለው መጋፋት የለም። ቨርቹዋልቦክስ በነጻ ይገኛል፤ ዊንዶውሱ «ፕሮ» ከሆነ ሃይፐር-ቪ አብሮት አለ፣ በ«ሆም» ላይ ግን የለም። ነገር ግን በውስጡ የሚጫነው ዊንዶውስ የራሱ ፈቃድ ይፈልጋል፤ 8 ጊጋ ራም ላይም ሁለቱም ዊንዶውሶች ይንቀራፈፋሉ፣ 16 ይሁን። ማሽኑ ሲሠራ መብራት ድንገት ከጠፋ ዲስኩ ሊበላሽ ስለሚችል ያለ ዩፒኤስ አይጀምሩት። አሁን ባለዎት ሁኔታ ግን እዚህ የሚያደርስ ነገር አላየሁም። ሊብረ ኦፊስን ከማንኛውም ኦፊስ ጋር ያለ ጠብ መጫን ይቻላል፣ የቆዩ የወርድ ፋይሎችንም ጥሩ አድርጎ ይከፍታል፤ የኤክሴል ማክሮዎችን ግን በከፊል ብቻ ስለሚረዳ ፔሮሉን አደራ አልሰጠውም።

ስለ ደኅንነት ለስለስ አድርጌ አልናገርም። የ2010 ድጋፍ ያበቃው እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 13 ቀን 2020 ነው፤ ከዚያ ወዲህ የሚገኝ ቀዳዳ አይደፈንለትም። እ.ኤ.አ. በ2017 በኦፊስ የቀመር መጻፊያ ክፍል ውስጥ የተገኘው ቀዳዳ እ.ኤ.አ. ከ2000 ጀምሮ ማንም ሳያየው የኖረ ነበር። አጥቂዎች ማክሮ እንኳ ሳያስፈልጋቸው፣ ሰው ፋይሉን ስለከፈተ ብቻ ኮምፒውተሩ ውስጥ ይገቡበት ነበር። 2010ን ከድሮ ሲዲ ጭነው ማሻሻያ ያልጫኑ ሰዎች ያ ቀዳዳ ዛሬም ክፍት ነው። ስለዚህ በኢሜይል፣ በቴሌግራም ወይም በፍላሽ የመጣ ፋይል በ2010 አይከፈትም፤ 2010 የሚነካው እናንተ ራሳችሁ የሠራችኋቸውን ሁለት ፋይሎች ብቻ ነው። 2010ዎ በክራክ (ፈቃድ ሳይገዛ ፕሮግራምን በሚከፍት መሣሪያ) የተከፈተ ከሆነ ደግሞ ከላይ ያልኩት ሁሉ ቀርቶ ይነሣ። የክራክ ፕሮግራም መጀመሪያ የሚጠይቀው አንቲቫይረሱን እንዲያጠፉለት ነው፤ የሠራተኛ ደመወዝ ባለበት ኮምፒውተር ላይ ይህን መፍቀድ አይገባም።

እንግዲህ የማሳስብዎ ይህ ነው፦ ባለ 32 ቢቱን 2021 ይጫኑ፣ ከ2010 ላይ ኤክሴልንና አክሰስን ብቻ ለጊዜው ያቆዩ፣ የዕለት ሥራዎን ሁሉ ወደ 2021 ያዙሩ። የፔሮሉን ቅጂ በ2021 ከፍተው የሚቀጥለውን ወር ደመወዝ በሁለቱም ያሠሩት። የየሠራተኛውን የተጣራ ክፍያ፣ የግብሩንና የጡረታውን ድምር አንድ በአንድ ያስተያዩ። እስከ ሳንቲሙ ከገጠመ በዚያው ሳምንት ኤክሴል 2010ን ያንሱትና አክሰስን ብቻ ይተዉት።